የሚኒባሱ ታኮ

ሶሲ፣

ጣና ዳር ተቀምጠሽ «ውሃ የማያውቀው አገር ልትሄጂ ነው» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ዛሬ ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ስንመጣ ሚኒባሳችን ዳገት ላይ ተበላሸና ሾፌሩ አብዱልመሊክ ከኋላ ጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ አስገባ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ድንጋዩ በብራኪዮፖድ ተሞልቷል፤ እዚህ ባሕር በነበረ ጊዜ የኖሩ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ናቸው። ስጠኝ አልኩት።

«መጀመሪያ ሌላ ድንጋይ አምጪልኝ» አለ።

ባዶውን ልሰጠው ብፈልግ አጣሁ፤ ያነሳሁት ሁሉ ዛጎል አለበት። ባሕርን በባሕር ለወጥኩ። የእናንተ ውሃ ጀልባ ይሸከማል፤ የዚህኛው ደርቆም መኪና ያቆማል።

ወረቀቱ ላይ ቦታ እያለቀብኝ ነው፤ የእማማ ለተማርያምን ጉልበት ሳሚልኝ። ድንጋዩ ላንቺ ነው። የሳሎንሽ በር በነፋስ ሲላተም ታኮ አድርጊው፤ ሥራውን ያውቃል።

እናትአለም