ጉዳዩ፦ ተጠሪ የሌላትን ጡረተኛ ይመለከታል

ለተከበሩ የጡረተኞች ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ አዲስ ሕንፃ ያማረ፣ ዓይንዎም ከፎቁ ላይ ሆኖ ታች ያለነውን የሚለይ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ዕድሜዬን በስልክ ማዞሪያ ሠራተኝነት የጨረስኩ፣ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ አሁን እኔን የሚያገናኘኝ ያጣሁ ጡረተኛ ነኝ። ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም ዳር ዳር እያለ ነው። ቀዶ ሕክምና ካላገኘሁ በገዛ ቤቴ በዳበሳ መኖሬ አይቀርም።

ቅሬታ ለማለት አፌ ስለማይደፍር ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. አማራጮቹን የሚያስረዳውን ጽሑፍ ከጉንዳን ባነሰች ፊደል አሳትመው ለዓይን ሕመምተኛ ስለላኩ አመሰግናለሁ። በማጉያ መነጽር ታግዬ እንደተረዳሁት፣ የመጀመሪያው አማራጭ መዋጮው ቀላል ሆኖ የሰፈር ጤና ጣቢያን ብቻ ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ከበድ ብሎ ሆስፒታልና ቀዶ ሕክምናን ይጨምራል፤ ሦስተኛው ለትዳር ጓደኛና ለልጆችም ይተርፋል። እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ለማን ሊተርፍ ነው?

2. ያልገባንን እንድንጠይቅ ስለከፈቱልን የስልክ መስመርም አመሰግናለሁ። በተቀዳ ድምፅ የምትመልሰው ልጅ አነጋገሯ የሰለጠነ ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ አውቃለሁ። ጥሪዬ ለእናንተ አስፈላጊ መሆኑን ትነግረኛለች። እንዲህ ያለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷልና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄ ሳይኖረኝም ምሽት ምሽት ሻይዬን ቀድቼ እደውልላት ነበር። በቅርቡ በሌላ ድምፅ ለወጣችኋት፤ መሄዷን እንኳ የነገረኝ የለም።

3. የመስኮቱ ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው። ሁለተኛውን መርጬ ብቀርብ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጄን ይዞ ቤቴ የሚያደርሰኝ ተጠሪ ካልተመዘገበ ቅጹ እንደማይገባ እማማ እያለ አስረዳኝ፤ ልጅዎን፣ እህትዎን፣ ቢጠፋ ጎረቤትዎን ይጻፉ አለኝ። ልጅ አልወለድኩም። እህቴን አምና ቀበርኩ። የድሮ ጎረቤቴ ቤቱን ሸጦ ሄዷል፤ የገቡት ወጣቶች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ስለሚያልፉ ሰላምታዬ ደረጃው ላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እየሰማ ተናገርኩ። ሌባ የሆንኩ ያህል አፈርኩ።

ብቸኝነቴን በአንድ ባዶ መስመር እንዳውቀው ላደረገው መሥሪያ ቤትዎ እጅ እየነሣሁ፣

ደጅዎን መጥናት ያልሰለቻት፣ ዛሬም መስመር ላይ የምትጠብቅ አክባሪዎ፣
የቀድሞዋ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ምዝገባው ነገ ስለሚዘጋ ቅጹን ዛሬ አስገብቻለሁ። በተጠሪው ቦታ የእርስዎን ስምና የቢሮዎን ስልክ ጻፍኩ፤ የመስኮቱ ልጅ አንብቦ ማኅተሙን መታበት። ከሆስፒታሉ ሲደውሉ እባክዎ ስልኩን ራስዎ ያንሡት። የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ዓይኔ ስለሚሸፈን እኔ አላይዎትም፣ እርስዎ ይዩኝ።