ያልጨረስኩት መልስ

አዲስ አበባ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለጡት እናቴ፣ ለውዷ ሆዮ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? ዓይንሽስ ተሻለው? ከቀብሪበያ የሚመጣው ወተት ዘንድሮ አልቀነሰም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ያስቸገረኝ ሌላ ጉዳይ የለኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን አለኝ። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ይህን ልጅሽ ሆዳን እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ሆዳንዬ፣ አስተማሪ ነሽና ፊደሌን እንደፈለግሽ አርሚው፤ ግን አንድም መስመር እንዳትዘዪ። በስልክ ያልነገርኳችሁ ወድጄ አይደለም። በስልክ የእኔ ሶማሊኛ የስድስት ዓመት ልጅ ሶማሊኛ ነው፣ የሆዮ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ፤ አሥር ጊዜ ደህና ነሽ ወይ ተባብለን እንዘጋለን። ለበዓል ይበቃል። ለዚህ ግን አይበቃም።

ሆዮ፣ ሥራዬን ስትጠይቂኝ ሥዕል እስላለሁ ብዬሽ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎሽ አሁንም ሥዕል ብለሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። እውነትሽን ነው። ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ጎንበስ ብዬ አንዱን እጅ አሥራ ሁለት ጊዜ እስለዋለሁ፤ በፊልም ሲታይ እጁ ለአንዲት ሴኮንድ ይንቀሳቀሳል። ዘጠኝ ደቂቃ ለመሙላት ከስድስት ሺህ በላይ ሥዕል ፈጅቶብኛል። ድርጅት የለኝ፣ አለቃ የለኝ፣ አጋዥ የለኝ። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ቁጥር ቁጥሩን እያየች ትደረድርልኝ ነበር።

ፊልሙ ስለ አንቺና ስለ እሷ ነው። እኔ በተወለድኩ በሳምንቱ እማዬን ትኩሳት ጥሏት ጡቷ ሲደርቅ፣ አንቺ ሆዳንን በአንድ ጎን እኔን በሌላው ይዘሽ ያጠባሽበት ነው። የሚናገር ሰው የለበትም። ቢጫ የወተት ጀሪካኖችሽ በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ተደርድረው አሉ። በሁለታችን ግቢ መካከል የነበረው የቆርቆሮ አጥር፣ እማዬ በኋላ በመዶሻ ነቅላ በር ያደረገችውም አለ።

ከዓመት ወዲህ ይህ ፊልም ብዙ አገር ወስዶኛል። ፈረንሳይ፣ ክሮኤሺያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይሮቢ። ፌስቲቫል ማለት፣ ሆዮ፣ በአንገትሽ ላይ ስምሽ የተጻፈበት ካርድ አስረውልሽ፣ ለገበያ ቀለም እንደተቀባች በግ ከአዳራሽ አዳራሽ የምትዞሪበት ነገር ነው። ሰዉ ግን ጨዋ ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ መድረክ ላይ ያወጡሻል፣ ይጠይቁሻል። የትም ብሄድ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ ፊልሙ ላይ ሁለቱ ሴቶች ገና ሳይነጋ ተያይዘው ወዴት ነው የሚሄዱት ይሉኛል።

እትዬ አትጠገብን ታስታውሻታለሽ? ልጇ ደገሀቡር መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት፣ አንቺ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽሮ ቀለም ሻርፕሽን አጣፍተሽ፣ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ መርዶ ልትነግሯት የሄዳችሁት። እኔና ሆዳን ከኋላ ተከትለናችሁ መለሳችሁን። ማታውኑ አውቃችሁ ለምን እስከ ንጋት እንደቆያችሁ ስጠይቅሽ፣ ማታ የሰማ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ይቀራል፣ ጠዋት ከሰማ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አለው ብለሽ አስረዳሽኝ። እማዬም በስልክም በወረቀትም አይነገርም አለች። ለፈረንጆቹ ይህን ስነግራቸው አንዳንዱ ይጽፈዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ፈረንሳይ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዲት ሽበታም ሴት በአስተርጓሚ ስለ ሁለቱ እናቶቼ ጠየቀችኝ፤ ዛሬ እንዴት እንዳሉ ማወቅ ፈልጋ ነው። መልስ ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ቃል ወጣኝና እንባዬ ቀደመኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መድረኩን የሚመራው ሰው አቅፎኝ፣ ያልጨረስኩትን እሱ ጨረሰልኝ። በማግስቱ በፌስቲቫሉ ጋዜጣ ላይ ያጠባችኝ ሴት በሕይወት የለችም ተብሎ ወጣ። አንቺ ሞተሽ ማለት ነው፣ ሆዮ። ክሮኤሺያ ያሉት ከዚያ ገለበጡት፣ ደቡብ አፍሪካዎቹ ከክሮኤሺያ። በአራት አገር ገደልኩሽ።

ለምን አላረምሽም ትይኛለሽ። ላርም ብል ያን መልስ ራሴ መጨረስ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ስመጣ እነግርሻለሁ።

የኛን አገር ሰው ግን ረስቼ ነበር። ናይሮቢ ላይ ፋይሶ የምትባል ሴት ከአዳራሹ መጨረሻ ተነሳች፤ ጅጅጋ ያደገች፣ ወተት ካንቺ የሚገዙ ቤት ልጅ። መጀመሪያ ፊልሙ ላይ ስለሳልኩት ግመል ወቀሰችኝ። ግመል የአንዱን ጎን ሁለት እግር አንድ ላይ ነው የሚያነሳው፣ ያንቺ ግመል ግን እንደ ፈረስ ነው የሚሄደው፣ የጅጅጋ ልጅ ሆነሽ አታፍሪም አለችኝ። ከመጽሐፍ ላይ የፈረስ አረማመድ አይቼ እንደሳልኩት እንዴት ልንገራት! ያን ሁሉ አገር ዞሬ አንድም ሰው አላወቀብኝም ነበር። ቀጥላም በሞትሽ አጽናናችኝ። እኔ ቆሜ አሜን አልኩ።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። እዚያው ማታ ተዕዚያ ብላ ልታጽናና ጅጅጋ ደውላ፣ ስልኩን ያነሳሽው አንቺው ነሽ። ማን ሞተ ብለሽ ጠየቅሽ፤ አንቺ ስትልሽ፣ እስቲ ቆይ ብለሽ ሆዳንን ጠርተሽ እኔ ሞቻለሁ ወይ ብለሽ ጠየቅሻት አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ከናይሮቢም ከሀርጌሳም ለራስሽ ሞት ተዕዚያ ስትቀበዪ ሰነበትሽ። ፋይሶ ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሆቴል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ ለገና ደወልሽልኝ። ልትቆጪኝ ነው ብዬ ፈርቼ አነሳሁት። ስለ ሞትሽ አንዲት ቃል አላነሳሽም። የጠየቅሽኝ ስለ እማዬ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አልኩሽ። ከዚያ እሺ ልጄ ብለሽ ዘጋሽ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የመለስኩልሽ። ተኝታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች፣ ስልኳ ተበላሽቷል። አንቺን መዋሸት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ታምኚኛለሽ።

መምጣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። በ2010፣ ጅጅጋ በተረበሸችበት በዚያ የሐምሌ ቅዳሜ፣ እኛን ከውስጠኛው ክፍል አስገብተሽ ሦስት ቀን በር ላይ የተቀመጥሽ አንቺ ነሽ። ረብሸኞቹ ማን አለ ውስጥ ሲሉሽ ልጆቼ ያልሽውን ከፍራሹ ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። መኪናው ላይ ስንወጣ በሳምንት እንመለሳለን አልንሽ፤ እማዬ የቤታችንን ቁልፍ እጅሽ ላይ አስቀመጠች። ይኸው ሰባት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ኀፍረት ያዘኝ። እማዬ ግን አልፈራችም። ስምሽን እየጠራች ቁልፌ ከዓሻ ዘንድ ነው፣ ቤቴ አለ ትል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዐብዲወሊ የሚባል ልጅ ከጅጅጋ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ፊልሙን እዚያ ሊያሳዩት አዳራሽ ይዘዋል። ቅዳሜ የካቲት 7 ከቀኑ በአሥር ሰዓት ጅጅጋ፣ እሑድ ቀብሪበያ ትምህርት ቤት፣ ሰኞ አውበሬ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ አንሶላ ወጥረው፤ ከዚያ ረመዳን ይገባል። በየቦታው ቆሜ እናገራለሁ። ድሬዳዋና ጅቡቲ ከፆሙ በኋላ ይጠብቁኛል። ልጁ በደስታ አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ ሴትየዋ በሕይወት አለች፣ እናውቃታለን፣ ከፊት ወንበር እናስቀምጣታለን አለኝ። ከዚያ ትንሽ አፍሮ፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ለእናቴ መታሰቢያ የሚል ጽሑፍ ስላለ፣ እሷ ቁጭ ብላ እያየች ጥሩ ስለማይሆን ለጅጅጋ ብታወጪው አለኝ።

ግመሉን አስተካክያለሁ ሆዮ። አርባ ስምንት ሥዕል እንደገና ስዬ አሁን በጎን በጎኑ ይራመዳል፤ ማንም ጅጅጋ ላይ አይስቅብኝም። ያን ጽሑፍ ግን ማውጣት አልቻልኩም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ መለስኩት። አንቺ ደግሞ ከሕዝብ መሐል ተቀምጠሽ፣ በጨለማ አዳራሽ፣ ያንን እንድታነብልሽ ሆዳንን ስትጠይቂያት ማሰብ አልችልም። ከዚያ በፊት ልደርስልሽ ይገባል።

ስለዚህ በዋዜማው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቤት ጠብቂኝ። ሐሙስ ማታ ጅጅጋ እንገባለን፤ ሾፌሩ ኤልሚ ነው በሚኒባሱ ከድሬዳዋ የሚያመጣን። ግን ማታውን አልመጣም። ከሱብሒ በኋላ ነው የምመጣው። አጎቴ ወንደሰን፣ የእማዬ ወንድም፣ አብሮኝ አለ፤ መኪና እንደሚያመው ታውቂያለሽ፣ ግን እሄዳለሁ አለ። እዚያ የቀሩት የድሮ ጎረቤቶቻችንም ከኛ ጋር ይሆናሉ። ሰው ቢበዛብሽ አትደንግጪ። ሆዳንዬ፣ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቂ፤ ከእናታችን አጠገብ ሁኚ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አዳራሽ መሄድ ከፈለግሽ አብረን እንቀመጣለን፤ ካልፈለግሽ ይቅር፣ ዐብዲወሊ ሌላ ቀን ይፈልግለት። ፊልሙ ይጠብቃል። መድረክ ላይ የሚጠይቀኝ ቢኖር ግን፣ ዘንድሮ መልሴን እስከ መጨረሻው እጨርሳለሁ።

ባለፈው ክረምት ለእማዬ ጉልበት ብለሽ በኤልሚ የላክሽው ቅቤ ደርሶኛል። ክዳኑ አንቺ በላስቲክ እንዳሰርሽው ነው፤ አልከፈትነውም። ይዤው እመጣለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ፣ በደህና ያገናኘን። ሆዳንንና ልጆቿን ሁሉ ሳሚልኝ። ስልክ ከመዝጋቴ በፊት ሁልጊዜ እማዬም ሰላም ብላሻለች እልሽ ነበር። ዛሬ ሰላምታው ከእኔ ብቻ ነው።

የጡት ልጅሽ