ጥቁር በጥቁር ላይ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እታለም? ራስ ምታቱስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ድሮው ከሰዓት በኋላ ይነሳብሻል? አክስታችንስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ስምሽ ሲነሳ ግን ወሬ ትቀይራለች። ብደውልልሽ እንደማታነሺ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁብሽ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው እንዳትቀጅው፣ አደራ።

"ሳላውቅ ነው" ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ እኔው ቀድጄዋለሁ። ሦስተኛው ይህ ነው።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ካልተናገርኩት ግን ከሆዴ አይወጣልኝም። መሥሪያ ቤታችን የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ካስገባ ወዲህ፣ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ቁጭ ብለሽ ቀኑን ሙሉ ነጭ ስክሪን ላይ ስታፈጪ ትውዪ ነበር። ብርሃኑ ዓይንሽን ሲወጋሽ በፀሐይ መነጽር መሥራት ጀመርሽ፤ ባልደረቦችሽም "ፓይለቷ" አሉሽ። እዚያ አብረሻቸው ትስቂያለሽ፣ ቤት ስትገቢ ግን እርጥብ ፎጣ ግንባርሽ ላይ ታስሪያለሽ። አንድ ቀን ፎጣውን እንዳሰርሽ፣ "አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ጠቆር ማድረግ አይቻልም እንዴ?" አልሽኝ።

ይቻላል አልኩሽ። አፌን ሞልቼ።

ሥራው እንዳሰብኩት አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ቀለሙን በየቦታው በቀጥታ ጽፈውት ነው የሄዱት፤ እዚህ ነጭ፣ እዚያ ግራጫ፣ ወዲያ ቢጫ፣ ከሁለት መቶ በላይ ቦታ። እያንዳንዱን እየለቀምኩ በቀለሙ ፋንታ ስም ሰጠሁት፤ ይኸኛው መደብ፣ ያኛው ፊደል፣ ይኸኛው ጠርዝ። ከዚያ ለስሞቹ ቀለም የሚያድል ዝርዝር ለብቻው ጻፍኩ። ዝርዝሩ ሲቀየር የፕሮግራሙ መልክ በሙሉ ይቀየራል፤ ገላው ያው ነው፣ ልብሱ ብቻ። ሦስት ገጽታ አዘጋጀሁ፦ ነጩን፣ ሰማያዊውንና ለአንቺ ብዬ የሠራሁትን ጥቁሩን። ስሙን "ጥላ" አልኩት። አለቃዬ ጥቁሩን ማን ይፈልገዋል ብሎ ነበር።

የጫንኩልሽ ቀን መነጽርሽን አውልቀሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽና ስክሪኑን አየሽው። "እፎይ" ብቻ ነው ያልሽው። ያቺ እፎይ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ በለጠችብኝ።

አንድ ቦታ ግን አምልጦኝ ነበር። ለታካሚው የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ ከስሙ ሥር የሚመጣው ማስጠንቀቂያ፣ በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር ፊደል ነበር የተጻፈው። መደቡን ስም ሰጠሁት፤ ፊደሉን ረሳሁት። በነጩና በሰማያዊው ገጽታ ማስጠንቀቂያው እንደ ድሮው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥላ ግን መደቡ ሲጠቁር ፊደሉም ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ጥቁር በጥቁር ላይ። ሦስቱንም ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፣ እታለም፤ ግን ማማራቸውን ነበር የማየው።

ስድስት ሳምንት ሠራሽበት። ከዚያ ያቺ ልብስ ሰፊ መጣች። ጉሮሮዋ ቆስሎ ድምጿ ጠፍቶ ስለነበር ስለ ራሷ መናገር አልቻለችም። ሐኪሙ አዲስ ነው፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈበትን የቆየ መዝገቧን ሳያገላብጥ እሱኑ አዘዘላት። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘው ያንቺ መስኮት ነበር። ሰጠሻት። የመጀመሪያውን ፍሬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በውሃ ዋጠችው። ከበሩ ሳትርቅ መተንፈስ አቃታት፤ አልተረፈችም።

ወሬውን እንደሰማሁ ቢሮዬ ገብቼ ጥላን ከፈትኩና የእሷን የመሰለ መዝገብ ሞላሁ። ምንም አልመጣም። በማውሱ ባዶውን ቦታ ስጎትትበት መደቡ ቀለም ቀየረና ፊደሎቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ። እዚያው ነበሩ። አንዲት መስመር አስተካከልኩ። በፕሮግራሙ ላይ የነካነው ሁሉ በሚጻፍበት የለውጥ መዝገብ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገርሽ? "ጥቃቅን የቀለም ማስተካከያ።" ያ ሰኞ ነበር። ሞቷን የሚመረምረው ኮሚቴ የተቀመጠው ሐሙስ ነው። ቀኑን አንቺው ቁጠሪው።

ሐሙስ ዕለት የሟቿ ባል፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰብሳቢዋ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ በነጩ ገጽታ አሳየኋቸውና ያስጠነቅቃል አልኩ። ቀጥላ አንቺን፣ አይተሽው ነበር ወይ አለችሽ። አላየሁትም አልሽ። በየትኛው ገጽታ ነበር የምትሠሪው ስትልሽ እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። አንቺ ድምፅሽ እንኳ ሳይናወጥ፣ "በነጩ ነው፤ እንደ ሁሉም ሰው" አልሽ።

ድንጋጤው አምታቷት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስንወጣ ደረጃው ላይ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልሽልኝና "ምሳ በልተሃል?" አልሽኝ። በልቻለሁ አልኩሽ። አልበላሁም ነበር።

የአሥራ አንድ ዓመት የሙያ ፈቃድሽን ነጠቁሽ፤ አንቺም ጓዝሽን ይዘሽ አክስታችን ቤት ገባሽ። እማዬ ለጎረቤት "አንዷ አንገቴን ብታስደፋኝ ወንድሟ ቀና አደረገኝ" ስትል ሰምቼ የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ደንበኞች ገጽታዎቹን ወደዷቸው ብሎ የክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ያ ሾፌር በሰፈራችን መስመር ነው የሚነዳው፤ አሁን ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች ለመፈተሽ ተልኬ ያንቺ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ በሰዓት ይመዘግባል፤ ይህን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም። የዚያን ቀን ገጽ አወጣሁ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ለልብስ ሰፊዋ መድኃኒት ተሰጥቷል፣ በጥላ። አምስት ተኩል ላይ የእሷው መዝገብ እንደገና ተከፍቷል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ገጽታው ወደ ነጭ ተቀይሯል። በደቂቃው መዝገቧ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፍቷል። ከዚያ በኋላ ያንን ገጽታ እስከ ዛሬ የቀየረው የለም። ሁሉም የተመዘገበው በአንቺ ስም ነው።

ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ገጹን አትሜ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ሁለት ጊዜ ሰብሳቢዋ ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር። አንደኛው ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝና ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ቀን በሩ ክፍት ነበር። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ ማንን ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ገጹን ስጣቸው ካልሽኝ ነገውኑ እሰጣለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ እዚህ ላይ የተሰረዘው እሱ ነው። ምን ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አውቀዋለሁ። አንቺን መጠየቅ ማለት፣ እታለም፣ ተወው በይኝ ብሎ መለመን ነው። ሳልጠይቅሽ ሄጄ እንዳልሰጠውም፣ ከበር የሚመልሰኝን እግሬን አውቀዋለሁ።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ። የአክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድም ሊሆንሽ ያልቻለው
ታናሽሽ