አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልህ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ መሆናቸውን አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅኩ ወደ ታች እደርስበታለሁ። እትዬ፣ እርስዎም አይደንግጡ፤ መነጽርዎን ያድርጉና አንድም መስመር ሳይዘሉ ያንብቡለት። ደስ የማይል ቦታ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ ጽሑፏ አይነበብም» እንዳይሉት። ጽሑፌ ይነበባል። ከመስመር እንዳይወጣ አድርጎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተን ማን ይችልሃል? «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ በላሽ ወይ?» ብለህ ነገሩን ታስቀይስብኛለህ። ደብዳቤ ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

የዱቄት ፋብሪካው የቅጥር ወረቀት የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? ከደስታው ይልቅ ጭንቀቱ ነበር የያዘኝ። ፋብሪካው ከከተማው በአንደኛው ጫፍ፣ ቤታችን በሌላኛው ጫፍ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል «ከቤት መመላለስ»፣ በቀኝ በኩል «እዚያው መከራየት» ብዬ ጻፍኩ። በቀኙ ሥር ለመከራየት የሚገፋፋኝን፣ እንቅልፍ፣ ዝናብ፣ ድካም፣ ማርፈድ እያልኩ ብዙ ደረደርኩ። በግራው ሥር «አባዬ» ብዬ ጻፍኩና ሌላ የሚጻፍ አጣሁ። ሳምንት ሙሉ ሳመዛዝን ቆይቼ ወረቀቱን ስሰጥህ አየት አደረግከውና «አንብቢልኝ እስኪ፣ ከአፍሽ ልስማው» አልከኝ። ገልብጠህ ነበር የያዝከው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ካነበብኩልህ በኋላ ፈረድክ።

«ያንን መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቼበታለሁ። በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብሻል። መሄጃውን ብቻ ነው ያልኩሽ!»

«ኧረ አባዬ፣ ለፈተና ስሄድ እኮ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።»

«እሑድ ነዋ! እሑድ መንገዱ ባዶ ነው። በሥራ ቀን ሌላ ነው። በቀን አምስት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ልትኖሪ ነው? ተከራይ። ሰው ሥራው ደጅ ነው ማደር ያለበት።»

አመንኩህ። ስለ ሌላ ነገር ብትነግረኝ እጠራጠር ይሆናል፤ ስለዚያ አውቶቡስና ስለ ሰዓት ግን አንተን መጠራጠር ወደ አእምሮዬም አልመጣም። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤታችን የሚተዳደረው በአንተ ሰዓት ነው። ዛሬ ግን ልንገርህ፣ ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። «ልጄ ባትሄድ ደስ ይለኛል» እንድትለኝ ጠብቄ ነበር። አንተ ግን በማግስቱ ፍራሼን ጠቅልለህ በገመድ አሰርክ። እንዲህ የቸኮለው በእኔ ተሰላችቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ክፍሌንም መጥተህ አላየህልኝም፤ «ጉልበቴን አሞኛል» አልክ።

ክፍሌ ከፋብሪካው ጀርባ ነው። መስኮቱ የሚያየው ግንብ ነው፤ ደፉ ላይ ሁልጊዜ ስስ ዱቄት አለ፣ ጠዋት ጠርጌው ማታ ተመልሶ እዚያው ነው። ከአልጋዬ እስከ ሥራዬ በር ሰባት ደቂቃ። ከመመላለስ የተረፈኝን ጊዜ ምን አደረግሽበት ብትለኝ መልስ የለኝም። ጋደም ብዬ በግድግዳው ማዶ የሚስል ሰው እሰማለሁ። አንድ ቀን ሳሉ ሲጠፋ ደንግጬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። መልኩን እንኳ አላውቀውም።

ሥራው ግን ይስማማኛል። እህል የጫኑ መኪኖች በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ረጅም፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ በየጆንያው ውስጥ እየሰደድኩ ናሙና እወስዳለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ። የረጠበ ከሆነ መኪናው ይመለሳል። ሾፌሮቹ ይለምኑኛል፣ ይቆጡኛል፣ አንዳንዱ «እንደ ልጄ ነሽ» ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ ከላይ ደረቁን ደርድሮ ከሥር እርጥቡን ደብቆ መጣ። ዘንጌን እስከ ታች ሰደድኩት። የላብራቶሪ ኃላፊያችን፣ ሰው አመስግና የማታውቀው ሴት፣ አጠገቤ መጥታ «ጎበዝ» ብላኝ ሄደች።

ይህንን ለአንተ ሳልነግርህ ማደር አልቻልኩም። በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ እየሳቅክ ልትሰማኝ ፈለግኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፍጅ ብዬ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት፣ ያንተን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መሪውን የያዘው ማን ይመስልሃል? ፍሬን! ያ ድሮ ረዳትህ የነበረው፤ መንዳት ስታስተምረው በየሃምሳ ሜትሩ ፍሬን እየረገጠ ተሳፋሪ ስላጋጨ ያንን ስም ያወጣህለት። አሁን ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል።

«ትርፌ! አንቺ ነሽ?» አለኝ። ልጅ ሆኜ ያለ ትኬት ከጎንህ ባለው የሞተር ኮፈን ላይ አስቀምጠኸኝ ስትሄድ ያወጣህልኝን ስም እሱም አልረሳውም። «ነይ፣ እዚህ ከኋላዬ ተቀመጪ። አባትሽ ደህና ናቸው? ያኔ ሦስት ቀን ከመጡ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«የት መጥቶ?»

«እዚሁ ነዋ! አንቺ ሥራ ልትጀምሪ ስትይ። በጠዋቱ አውቶቡስ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ያንጠለጠለች አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ይዛ ታሳፍራቸዋለች፤ ፋብሪካው በር ድረስ ሄደው ሳይወርዱ ይመለሳሉ። ያቺን ጡረታ ሲወጡ የተሰጠቻቸውን ሰዓት በእጃቸው ይዘው በየፌርማታው ‹ስንት ሰዓት ሆነ?› ይሉኛል። ‹ሰዓት ይዘው እኔን ይጠይቁኛል እንዴ?› ስላቸው፣ ‹የተጠየቅከውን መልስ› ይሉኛል። ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው።»

«ምኑ?»

ቀይ መብራት ያዘውና ቆመ። ከራሱ በላይ ባለው መስታወት አየኝ።

«ዓይናቸው… አንቺ አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም ነበር፣ አባዬ። አንድ ቤት ውስጥ አብሬህ እየኖርኩ፣ አንድ መብራት ሥር እየተማርኩ አላየሁም። ያን ሦስት ቀን «ለጡረታ ጉዳይ» ብለህ እንደወጣህ ግን አስታወስኩ። እትዬ፣ እርስዎም እጁን ይዘው ወስደውት ማታ ቤታችን ገብተው ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ቁልፍና ስለ ዚፕ ሲያወሩኝ ነበር። እዚህ ላይ ሳል ሳል እንዳይሉ። አልተቀየምኩዎትም፤ ያን ጊዜ እጁን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ፍሬን ከአፉ ካመለጠው በኋላ የቀረውንም ነገረኝ። «‹ልጄ ብትጠይቅህ ሁለት ሰዓት ተኩል በላት› አሉኝ። ‹ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀሁማ ከሥራ ያባርሩኛል› አልኳቸው። ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ሦስተኛው ወንበር ላይ እንዳላያት› አሉኝ።»

እሱ አልገባውም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

የሦስተኛው ወንበር ሴትዮ። ማታ ራት ላይ አንተ ወሬዋን ስታወራልኝ ነው ያደግኩት። ወጣት ሆና፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጀምር የተሳፈረች ጸሐፊ። በመስታወትህ ታያታለህ። «ዛሬ ጃንጥላዋን ረሳች»፣ «ዛሬ እስከ መጨረሻው ተኛች» ትለኝ ነበር። ሥራ ደጅ ቤት መከራየት ትችል ነበር፤ አልጋ ላይ የቀረች እናት ስለነበረቻት ግን አልተከራየችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላለሰች። አንድ ማታ ማንኪያህን አስቀምጠህ «ፀጉሯ ፊቴ ሸበተ» አልክ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አላወራህልኝም። ልጅ ስለነበርኩ ለምን እንዳዘንክ አልጠየቅኩም።

አውቶቡሱ ፌርማታችን ሲደርስ ሰዓቴን አየሁ። ከነመጨናነቁ፣ ከነቀይ መብራቱ፣ ከነፍሬን ፍሬኑ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። እስከ በራችን መጣሁ። ሊመሽ ሲል ነበር፣ የጎረቤቱ መብራት ሁሉ በርቷል፣ የእኛ ቤት ጨለማ ነው። የወጣህ መስሎኝ በመስኮቱ አጮለቅኩ። ጠረጴዛው ጋ ነበርክ። ሻይ ቀዳህ፤ ጣትህን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርገህ፣ ሙቀቱ ሲነካህ አቆምክ። እሑድ እሑድ ስመጣም እንዲሁ ስታደርግ አይቼህ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ ነበር። ቀጥለህ ግድግዳውን በእጅህ ጀርባ እየነካህ ወደ እኔ አልጋ ሄድክና ጫፉ ላይ ተቀመጥክ። ሻይህን እዚያ ጠጣህ። ላንኳኳ እጄን አንሥቼ ነበር፣ አባዬ። ብገባ ተነሥተህ መብራቱን አብርተህ እንደምታይ ትሆንልኛለህ። ያንን ማየት ስለፈራሁ ተመለስኩ። «ጎበዝ» መባሌንም ሳልነግርህ ቀረሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩብህ። በኔ ሕይወት ላይ ብቻህን ወሰንክ። ለሰው ሁሉ የእህሉን እውነት የምትናገር ልጅህን አንተ ከላይ ደረቅ አልብሰህ ሸኘሃት። ወረቀቴን ለሁለት ከፍዬ ሳመዛዝን በአንደኛው በኩል የውሸት ቁጥር አስቀመጥክብኝ፤ እንዴት ላመዛዝን እችል ነበር? ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ሁለተኛ እንዳታደርገው።

ሐሙስ ወረቀቱን እንደገና ለሁለት ከፈልኩት። አንተን እዚህ ላምጣህ ብዬም አሰብኩ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ግድግዳው ያውቅሃል፤ እዚህ ከግንቡና ከዱቄቱ ጋር ባስቀምጥህ ያኔ ነው በእውነት የሚጨልምብህ። ለላብራቶሪ ኃላፊያችን ቤቴ ሊርቅ ነው ብዬ ነገርኳት። «መኪና ተሰልፎ አንቺን አይጠብቅም። ሁለት ቀን ካረፈድሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለችኝ። የምትቀልድ ሴት አይደለችም። እንቅልፌም ይሄዳል፣ ክረምቱም ይመጣል፤ የምወደውን ሥራ ላጣውም እችላለሁ። ይህን ሁሉ በቀኙ በኩል ጻፍኩት፤ አላጭበረበርኩም። በግራው በኩል አሁንም «አባዬ» ብቻ ነው ያለው። በዚህኛው ግን የመንገዱን እውነተኛ ቁጥር ከጎንህ አስፍሬዋለሁ።

የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄያለሁ። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ፍሬን ያደርስልሃል። ነገ እሑድ ፍራሼን ይዤ እመጣለሁ፤ ገመዱን አልጣልኩትም። ሰኞ ጠዋት ከዚያው እወጣለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ «ጉልበቴን አሞኛል» ብትለኝ ጉልበትህንም ጨምሮ ያይልሃል።

የምትፈራውን አውቃለሁ። አንድ ቀን ፀጉሬ እዚያ ወንበር ላይ ይሸብት ይሆናል። አይሸብትም ብዬ አልምልልህም። ግን አባዬ፣ አንተ ያቺን ሴትዮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሃት በመስታወት፣ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ስትደክም አየሃት፣ ስትተኛ አየሃት። ከአውቶቡሱ ወርዳ የቤቷን በር ስትከፍት ግን አንድም ቀን አላየሃትም። ውስጥ የምትጠብቃት ሰው ምን እንዳለቻት አልሰማህም። እሷ የምትመላለሰው ለዚያች በር እንደሆነስ? እኔም አላውቅም። ገብቼ ልየው።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሳፈራለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩ ይንኳኳል። እንደምታይ እንዳትሆንልኝ፣ እኔም እንዳላየሁ አልሆንልህም። ሻዩን አንተው ቅዳ፣ ጣትህን እንደለመድከው ብርጭቆው ላይ አድርገህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለአንተ ባያስፈልግህም፣ ከሩቅ አይቼው እንድመጣ ለእኔ ስትል መብራቱን አብራው።

ያለ ትኬት የምትሳፈረው ልጅህ፣
ትርፌ