ነፍስ ያለበት ሰሌዳ

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ቀለል አለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ አደጉልሽ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ አይደለሁም ብልሽ ደግሞ በሩቅ ሆነሽ እንቅልፍ ታጫለሽ። ብቻ አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የጻፍኳት፤ ፊደሉ እዚህም እዚያም ቢለያይብሽ አትደነቂ።

ባለፈው ስትደውዪ ስለ ጋሽ ቀለም «ያን ሰውዬ በደጅሽ እንዳታሳልፊው» ያልሽኝን አልረሳሁም። ነገሩን ሁሉ አሁን ልንገርሽ።

ልጄ ልቧን ታማ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ሲሉ፣ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ከጎረቤቱ ጋር ሆነው መዋጮ ጀመሩ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ፣ ከደጄ ፊት ለፊት፣ ሣጥን አስቀመጡ። ከሣጥኑ በላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ጋሽ ቀለም በነጻ ልጻፍ አለ። ጋሽ ቀለም የምንለው በቀለም ጽሑፍ የሚጽፈውን ጎረቤታችንን ነው፤ የሱቅ ስምም ይጽፋል፣ ዋና መተዳደሪያው ግን የመቃብር ጽሑፍ ነው። «እግዜር ይማራት» ብለህ ጻፍ ነበር ያሉት። እጁ የለመደውን ጻፈ፤ «ነፍስ ይማር»። መቼም ስታስነጥሺም ይማርሽ ነው፣ ስትታመሚም ይማርሽ ነው፤ ነፍስ የምትለዋ ቃል ከገባችበት ግን አለቀ፣ ለሞተ ሰው ነው።

ሰሌዳው ተሰቅሎ ሰው ሲንጫጫ ልጄ በመስኮት አየችውና በሳቅ ፍርስ አለች። «ሐኪሙ ገና ሳያየኝ ጋሽ ቀለም ሸኘኝ እኮ» አለች። እሱ ግን ላብ አጥምቆት፣ በነጭ ቀለም ሸፍኖ ትክክለኛውን በላዩ ጻፈ። ሰው የአቅሙን ሰጠ፣ መዋጮው ሞላ፣ ቀጠሮም ተያዘ። ልጄ ግን ከቀዶ ጥገናው ሳትነቃ ቀረች። እዚህ ድረስ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ሣጥኑን ሲያነሡ ሰሌዳውን ረሱት። ዝናብ ሲደበድበው የላይኛው ቀለም እየተላጠ የታችኛው ብቅ ይል ጀመር። መጀመሪያ «ነ» ወጣች፣ ቀጥሎ «ፍ»። መስኮቱን በመጋረጃ ብሸፍነውም ቃሉ እዚያ ቆሞ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ልጄ ያስነጠሰች ይመስለኝና «ይማርሽ» እላለሁ፤ ከዚያ የትኛውን ይማርሽ እንዳልኳት ግራ ይገባኛል።

ሰፈሩም ዝም አላለም። ጽሕፈቱ ነው የበላት ተባለ። ጋሽ ቀለምን ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። እሱም ብሩሹን ጣለና በደጄ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር። አልዋሽሽም፣ እኔም ሲዞር ሳየው ይዙር እል ነበር።

አሁን ደግሞ ሰዓት ሠሪው ታመመ። የሰውን ሁሉ ሰዓት እየጠገነ የራሱ ሰዓት ሁልጊዜ የቆመ፣ «እኔ ዘንድ ማንም አይረፍድበትም» የሚለው ያ ቀልደኛ፤ ሥራው ላይ እንዳለ ወደቀና ሳንባው ነው ተባለ። ለመዋጮው ስንሰበሰብ ሰሌዳ ይገዛ የሚሉ ነበሩ። ሚስቱ ግን ለሕመምተኛ የመጣ ብር ለጣውላ አይወጣም፣ ያንኑ የድሮውን ሰሌዳ ስጡኝ አለች። «ብቻ የሚጽፈው ያ ሰውዬ እንዳይሆን።» ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ምን እንድል እንደፈለጉ እንጃ። ተነሥቼ ጋሽ ቀለም ቤት ሄድኩ።

በሩ ላይ ሲያየኝ ልረግመው የመጣሁ መስሎት አንገቱን ደፋ። ሰሌዳውን አውርዶ እንዲፍቅልኝ ነገርኩት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በጠርሙስ ስባሪ እንጨቱ እስኪታይ ፋቀው፤ ነፍስ የምትለዋ በመጨረሻ ለቀቀች። እንደገና ነጭ ቀባው። ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረና ሰሌዳውን ሳያስነካው መልሶ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ እጄን አላምነውም» አለኝ።

«እንግዲያው የእኔን እመነው» አልኩት።

እሱ በእርሳስ አሰመረልኝ፣ እኔ አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ «እግዜር ይማርልን»። ጠማማ ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ጫፉ ላይ ተንጠልጥላለች። የሰዓት ሠሪው ሚስት ማን እንደጻፈው ስትጠይቅ እኔ ነኝ አልኳት። ሰሌዳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

ምረሽዋል ወይ ብትዪኝ፣ እህቴ፣ አላውቅም። ብቻ እሱ ተሸክሞት የከረመውን አሁን እኔም ተሸክሜዋለሁ። ሰዓት ሠሪው ቢሞት ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔ ለራሴ የምለውን ነው የማላውቀው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ፤ ከዚያ ቤት ለቅሶ ይሰማ እንደሆን። እስካሁን የሚሰማኝ ሳሉ ነው። ሳሉን ስሰማ በሩን እከፍታለሁ።

ባለቤትሽን ስለ ትዕግሥቱ አመስግኚልኝ። አማትሽን እጅ ነሥታለች በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ በርትታ ትማር፤ መንትዮቹን ሳታበላልጪ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አንቺም ለጉልበትሽ ስትዪ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ።

እህትሽ

ከቤቴ፣ ከበሩ አጠገብ
ነሐሴ 11 ቀን