ከአሮጌው ኤርፖርት እስከ አዲሱ

ጥር 4
የሂሳብ አስተማሪያችን ዛሬም ፈተና እሰጣለሁ ብሎ ዝቶ ረሳው። ተመስገን!

ቤት ስገባ እማ ስልክ ላይ እያለቀሰች ትስቃለች። እህቴ ልትመጣ ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላ! ግን ለማለፍ ብቻ... ጥር 19 ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ አሮጌው ኤርፖርት ታርፋለች፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአዲሱ ኤርፖርት ትበራለች።

"ቤት ገብታ ምሳዋን በልታ ትሄዳለች" አለ አባባ። "ከአንዱ ወደ አንዱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ናት።"

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። ከተማው ግን አብሮት ጡረታ የወጣ መሰለው። አጎቴ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ በጣቱ ለካና "ሁለት ጣት ናት" አለ።

ስልኬ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ይላል። "ስልክ መንጃ ፈቃድ አለው?" አለኝ አባባ።

ጥር 12
ሐሙስ። እህቴ በምታርፍበት ሰዓት አባባን "ነድተህ አሳየኝ" አልኩት። እልኸኛ ነው፣ የአጎቴን መኪና ቁልፍ ነጠቀ።

አቋራጭ አውቃለሁ ብሎ ታጠፈ... ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆምን።
"እዚህ ጋ መንገድ ነበር!"
"ነበር ነዋ" አልኩ።
አጎቴ ከኋላ ሳቁን ዋጠ።

ከኤርፖርት ኤርፖርት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። አባባ ሞተሩን አጥፍቶ "የትራፊክ መብራቱ ነው" አለ።

ጥር 13
ደመርኩት። ሻንጣ እስክትቀበል አርባ አምስት ደቂቃ፣ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ መንገዱ... የሚተርፈው አምስት ደቂቃ! ቤት ከገባች በረራው ያመልጣታል።

"በቃ፣ በር ላይ ስመን እንሸኛት" አለች እማ።

አያቴ "ቀጥሎ የምትመጣው መቼ ነው?" አሉ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ምን ይባላል?

ጥር 15
አገኘሁት! ሁለቱን ኤርፖርቶች የሚያገናኝ አውቶቡስ አለ። እሷ ቤት ከምትመጣ ቤቱ ለምን አይሄድላትም?

"አውቶቡስ ውስጥ ምሳ? ሰው ምን ይለናል?" እማ ናት።
"ሰውማ ሻንጣው ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል።"
አያቴ ከዘራቸውን አነሱ። "እኔ በመስኮት በኩል ነኝ።" አለቀ።

ጥር 19
አውቶቡሱ ውስጥ አያቴና እህቴ ከፊት ተቀመጡ። እጇን ይዘው አንዴም በመስኮት አላዩም። ታዲያ የመስኮቱን ቦታ ለምን ያዙት? እማ ምሳውን ወደፊት ታቀብላለች። አጎቴ ለማያውቃቸው መንገደኞች ሳይቀር "የወንድሜ ልጅ ናት" ይላል። እህቴ ወደ እኔ ዞራ "ይሄ የአንቺ ተንኮል ነው አይደል?" አለችኝ። ኮራሁ። ለምን አልኮራም?

ዛሬ ደግሞ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ! አባባ ከሾፌሩ ኋላ ተቁነጠነጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሾፌር "ኤሊ" እያለ የሚሰድብ ሰው...
"ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ። ምን አስቸኮለህ?"
"አባት፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እቆማለሁ" አለው ሾፌሩ።

እህቴ በመስታወቱ በር ገባች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ከዚያ አልታየችም። ቆመን ቀረን።

"ሠላሳ አምስት ደቂቃ ናት አላልኩሽም?" አለ አባባ በሩን እያየ። ድምፁ ቀጠነብኝ።

ስልኬ መንገዱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ ይላል። ኪሴ ከተትኩት።

"እሱም አይሞላም አባባ" አልኩት።