አባባን ጥናቱ አልተቀበላቸውም
ወንድምዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኛስ አልቀናንም። አባባን ለአዲሱ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ጥናት ይዣቸው መጥቼ፣ ዛሬ ሐኪሟ የጭንቅላታቸውን ምስል አሳየችኝ፤ እዚህም እዚያም ጥቋቁር ነጠብጣብ ነው።

"ሳይታወቅ ስትሮክ ደጋግሞ መቷቸዋል። መድኃኒቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ጥናቱ ውስጥ አናስገባቸውም" አለችኝ።

እዚያ እኛ ቤት፣ ያ አፋቸው ጠመም ያለ ቀን፣ "እርጅና ነው" ብለን ነበር ያለፍነው።

ኮሪደሩ ላይ ዕንባዬ አመለጠኝ። አባባ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞህ ጎረምሳው፣ አባትህ ይድናሉ። የቱ ክፍል ነው የተኙት?" አሉኝ።

"እዚሁ ናቸው" አልኳቸው።

"በል እንግዲህ፣ አጠገባቸው ሁን።"

ፖስት ካርዷ ሞላች። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ። እማዬ ስለ መድኃኒቱ ከጠየቀችህ፣ አባባ እየመጡ ነው ብቻ በላት።